ከታቦት የተበደርነው ነዶ

ሥራ በጀመርኩ ቀን የተረከብኩት ባዶ ቤት ነው። የወረዳችን የግብርና ኃላፊ አቶ ደምሴ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው፣ «ወይዘሪት አስካለ፣ የዘር ጎተራው ይኸው፤ የአገሩን ነባር ዘር ሰብስበሽ ሙዪው» አሉኝና ወደ መኪናቸው ዞሩ። በሩን ስከፍት አንዲት አይጥ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ከሁለታችን የደነገጠችው እሷ አልነበረችም።

ቤቱ ከራቤል ወጣ ባለች ቀበሌ፣ መንገድ ዳር የተሠራ የድንጋይ ግንብ ነው። መደርደሪያ አለው፤ ክዳናቸው ጥብቅ የሆነ የቆርቆሮ በርሜሎች፣ ሚዛንና ወንፊት አለው። እህል ብቻ የለውም። እኔ የሞላሌ ልጅ ነኝ፤ ገብስ ሲዘራና ሲታጨድ እያየሁ አድጌ፣ በኋላም በግብርና ኮሌጅ ስለ ሰብል ተምሬ ነው የመጣሁት። ስለዚህ በልቤ፣ ይህን ቤት ለመሙላት አንድ መኸር ይበቃኛል አልኩ። ደፋር ነበርኩ።

ነባር ዘር ለምን እንደተፈለገ ልንገራችሁ። በዚያ ሰሞን ገበሬው ሁሉ ለቢራ የሚፈለገውን አዲሱን ገብስ ይዘራ ነበር። ጥሩ ገብስ ነው፤ ስሙን በከንቱ አላጠፋም። ዝናብ በጊዜው ከገባ ምርቱ ከነባሩ ይበልጣል። ችግሩ ዘግይቶ መድረሱ ነው። ክረምቱ ዘግይቶ በገባ ቁጥር አበባው ከጥቅምት ውርጭ ጋር ይገጥማል። ውርጭ የመታው ዛላ ከሩቅ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ሲያሹት ግን ውስጡ ፍሬ የለም። ሁለት መኸር በተከታታይ እንዲህ ሆነ። ሰዉ በጉን እየሸጠ እህል ሸመተ። ሦስተኛ ቢደገም የሚሸጥ በግም አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ስለ አንድ ገብስ ያወሩ ነበር። ጥቁር ነው፣ አጭር ነው፣ ዘግይቶ ተዘርቶ ከውርጩ ቀድሞ ይደርሳል። ስሙ ሰነፍ ገብስ ይባላል፤ ሰነፍ ገበሬ እንኳ ዘግይቶ ዘርቶት አጭዶ ይገባል ለማለት ነው። እኔ ከምንም በላይ የምፈልገው እሱን ሆነ። ሌላው ዘር ሁሉ ተሰብስቦ እሱ ቢቀር፣ ጎተራው ለዚያ አገር የሚጠቅመው ነገር አልነበረም።

ፍለጋውን ከወንዶቹ ጀመርኩ። ከቅዳሴ በኋላ በዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳሉ፣ «ሰነፍ ገብስ ያለው ይኖራል?» እላለሁ። ሁሉም ጎረቤቱን ያያል። «እሱ እንኳ ድሮ ቀረ፤ እነ እገሌ ዘንድ ግን ሳይኖር አይቀርም» ይሉኛል። እነ እገሌ ቤት ስደርስ፣ «ምን በወጣኝ! እኔ ሰነፍ ነኝ?» ብሎ የሚቆጣ አባወራ ይቀበለኛል። በሰው ፊት «ሰነፍ ገብስ አለኝ» የሚል ወንድ ከመንዝ እስከ ግሼ አጣሁ።

አቶ ደምሴ መንገድ ባለፉ ቁጥር መኪናቸውን ያቆማሉ።

«እህሳ አስካለ፣ ምን አገኘሽ?»

«ነጭ ገብስ ትንሽ፣ ባቄላ ትንሽ።»

«ሰነፉስ?»

«ተደብቋል ጌታዬ።»

መጀመሪያ ላይ ይስቁ ነበር። እየቆየ ሲሄድ ሳቁ ቀረ።

መላው የተገኘው ከአራስ ቤት ነው። ጎረቤቴ ወልዳ እንኳን ማርያም ማረችሽ ልላት ገባሁ፤ ሴቶቹ ገንፎውን ከበው ተቀምጠዋል። ቁራሽ ጎረስኩ። እንዲህ ያለ ለስላሳ ገንፎ በልቼ አላውቅም ነበር። «የምን ገብስ ነው?» አልኩ።

«ለአራስ ደግሞ ከጠመዥ ሌላ ምን ይገነፋል?» አለችኝ አንዷ፣ እንደ ሞኝ እያየችኝ።

«ባሎቻችሁ ግን ጠመዥ የሚባል ገብስ አንዘራም ይላሉ።»

«እነሱ የሚዘሩትን ነዋ የሚነግሩሽ! የጓሮውን የምንዘራው እኛ።»

ከዚያ እየተቀባበሉ ነገሩኝ። ለገንፎ ጠመዥ፣ ለቆሎ ሌላ፣ ለጠላ ብቅል ሌላ። መንገደኛ ለሚቋጥረው በሶስ? እዚህ ላይ አንዷ ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለበሶማ ሰነፍ ገብስን የሚያህል የለም» አለች።

በማግስቱ የሥራዬን አካሄድ ገለበጥኩት። «ምን ትዘራላችሁ?» ማለቱን ትቼ «ምን ትበላላችሁ?» ማለት ጀመርኩ። ሰው ቤት ስሄድ አባወራውን ሰላም እልና በቀጥታ ወደ ማድ ቤት ነው። ቆሎው ከጣመኝ የቆሎውን ዘር እጠይቃለሁ፤ ጠላው ከጣመኝ የብቅሉን። እየበላሁ እጠይቃለሁ፣ እየጠየቅሁ እበላለሁ። ሴቶቹ ከየጓዳቸው በቅል፣ በእንቅብና በጨርቅ እየቋጠሩ አመጡልኝ። በርሜሎቹ መሙላት ጀመሩ፤ እኔም አብሬ ሞላሁ። አቶ ደምሴ አንድ ቀን ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «የዘር ሠራተኛ ነሽ ወይስ የድግስ ቀማሽ?» አሉኝ። «ሁለቱንም ነኝ» አልኳቸው። ቀሚሴን ያሰፋሁት በዚያው ሳምንት ነው።

ነገር ግን ሰነፉ ገና አልተገኘም። በዚያ መካከል አቶ ደምሴ አስጨናቂ ነገር ይዘው መጡ። የአገሩ ማዳበሪያ በሸራ ተሸፍኖ ሜዳ ላይ ዝናብ ይመታዋል፤ መጋዘን የለም። «አስካለ፣ እኔም የምጠየቅበት ሥራ አለኝ» አሉኝ። «ሰው ማዳበሪያ እየጠየቀኝ ግማሹ ባዶ የሆነ ቤት ቆልፌ አልቀመጥም። ያልሽው ገብስ በዚህ መኸር በቅሎ ካላየሁት፣ ጥቅምት ሲያልቅ ቁልፉን እወስዳለሁ።» አልተሳሳቱም።

ያኔ ነው እትዬ የሺን ያገኘሁት። እትዬ የሺ ባለቤታቸው ሞተውባቸው መሬታቸውን በልጆቻቸው የሚያሳርሱ፣ በበሶአቸው የታወቁ ሴት ናቸው። ልጆቹ ማሳውን ሁሉ ለአዲሱ ገብስ ሲሰጡት እሳቸው ከጓሮ ትንሽ መደብ ይዘው ሰነፉን ሲዘሩ ኖረዋል። መደቡን ግን ካቻምና ልጃቸው ቤት ሠራበት። የቀረቻቸው ከጎታው ሥር ያለች ጥቂት ብቻ ናት። «ለጎተራው ነው» ስላቸው ፊታቸው በራ። «ነገ ነዪ» አሉኝ።

በማግስቱ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ገብስ ሰጡኝ። ጥቁር፣ የተለቀመ፣ አንድ ጠጠር የሌለበት። ጭስ ጭስ ይሸታል፤ የዚያ አገር እህል ሁሉ ጭስ ስለሚሸት ምንም አልመሰለኝም። እስከ ጎተራው የሄድኩት እየዘፈንኩ ነው።

ወደ በርሜል የሚገባ ዘር ሁሉ መጀመሪያ መብቀሉ ይታያል። ፍሬዎቹን እርጥብ ጨርቅ ላይ ደርድሮ፣ ጠቅልሎ፣ ብርድ በማያገኘው ቦታ ማስቀመጥ ነው። ጠላ የምትጠምቅ ሴት ብቅል ስታበቅል የምታደርገውን ማለት ነው። ጠቀለልኩ፣ ጠበቅሁ፣ ገለጥኩ። ምንም የለም። እርጥበት አንሶት ይሆናል ብዬ እንደገና ሞከርኩ። ምንም የለም። ሦስተኛውን ከምድጃዬ አጠገብ አስቀምጬ እንደ ሕፃን ስጠብቀው ሰነበትኩ። ሰኔ አለቀ፣ ገበሬው ዘርቶ ጨረሰ፣ የእኔ ጨርቅ ውስጥ አንዲት ፍሬ እንኳ ጭራ አላወጣችም። በመጨረሻ አንዷን ደረቅ ፍሬ አንስቼ ከጥርሴ ሥር አደረግኋት። ቀጭ አለች። ቆሎ ናት።

ወደ እትዬ የሺ ቤት የሄድኩት ግማሽ መንገዱን እየሮጥኩ ነው።

«እትዬ፣ ገብሱን አምሰውታል እንዴ?»

«በሕግ አምላክ! ታዲያ ጥሬ ልስጥሽ ኖሯል?» አሉ፣ ቅር ብሏቸው። «ጥሬ በእፍኝ የሚዘገነው ለለማኝና ለቆሎ ተማሪ ነው። ቤቴ ድረስ ለመጣ እንግዳ ጥሬ ሰጥቼ ሰው ምን ይለኛል? አጠብኩልሽ፣ አረጠብኩልሽ፣ በለስላሳ እሳት አመስ አመስ አድርጌ፣ ለበሶ እንዲመችሽ።»

«ለጎተራው ነው ብዬዎት የለም እንዴ?»

«ጎተራ ያለው ሰው አይበላም? ደግሞስ ዓመቱን ሙሉ በየቤቱ ስትበዪ አይደል ያየንሽ!»

«ሁሉንም አመሱት?» አልኩ።

«ሳላስቀር። ቆንቁኜ ብሰጥሽ ምን ትይኛለሽ?»

ቤት ውስጥ ካለው የጭቃ መደብ ላይ ዘፍ አልኩ። ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ። ያንን ገብስ ውርጭም፣ ድርቅም፣ አዲስ ዘርም አላጠፋው፤ ይሉኝታ አመሰው። እትዬ የሺ ነገሩ ሲገባቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከዚያ ግን ድንገት ብድግ አሉ። «ቆይ እስቲ… ቆይ። የሚካኤል ነዶ!»

በዚያ አገር እህል ከመወቃቱ በፊት የመጀመሪያው ነዶ በኵራት ተብሎ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። ሌላው ሰው ያመጣው ነዶ ተወቅቶ ለዝክር ይውላል። የእትዬ የሺ የመጨረሻዋ የጓሮ ነዶ ግን ለመውቃት የማትበቃ ትንሽ ስለነበረች፣ ቄሰ ገበዙ ከዕቃ ቤቱ ወጋግራ ላይ አንጠልጥለዋት ቀርታ ነበር። ሄደን አየናት። ከከበሮዎቹ በላይ፣ በገመድ ታስራ፣ ጥቁር ዛላዋን እንዳንጠለጠለች አለች።

ቄሰ ገበዝ ኃይሌ ቆፍጣና ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ለታቦት የገባ ነገር አይወጣም» አሉኝ። የዘር ሳይንስ ለዚህ መልስ የለውም።

እትዬ የሺ ግን አላቸው። «አባቴ፣ እውነትዎን ነው። ግን ዘሩ ከጠፋ ከርሞ ለሚካኤል ምን ይዤ ልምጣ? በውርጭ የተመታ ገለባ?»

ቄሱ ጺማቸውን ዳበስ አደረጉ። «ለሰበካ ጉባኤው ላማክር» አሉን። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጠሩን። «አንሰጥም» አሉ፤ እኔ ልወጣ ዞርኩ። «እናበድራለን። ሲታጨድ የመጀመሪያው ነዶ ለሚካኤል ይመለሳል። ስትዘሩትም እኔ እዚያው እቆማለሁ።»

ከነዶዋ ጥቂት ፍሬ ወስጄ ጨርቅ ውስጥ አደረግኩ። ሦስታችንም ተሰብስበን ነው የገለጥነው። ነጭ ጭራ! እትዬ የሺ፣ «ምላሱን አወጣ!» ብለው እልል አሉ። ቄሰ ገበዙ ቆባቸውን አስተካክለው፣ «ስብሐት ለአብ» አሉ። እኔ ወደ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።

ከጎተራው አጠገብ ባለው መደብ ላይ ዘራነው። ሐምሌ ገብቶ ነበርና የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆሞ ይስቅብናል። «በዚህ ጊዜ የሚዘራ ማነው?» ይላሉ። እትዬ የሺ፣ «ሰነፎች ነና!» ብለው ይመልሳሉ። ፍሬዋ ጥቂት ስለሆነች መበተን አልተቻለም፤ አንድ በአንድ በመስመር ነው የቀበርናት። ጉድጓዱን የወጉልን ቄሰ ገበዙ ናቸው፣ በመቋሚያቸው ጫፍ። «ሁልጊዜ እኔን ያቆማል፤ ዛሬ ደግሞ ገብስ ያቁም» አሉ።

ገብሱ ስሙን የሚያስተባብል ነገር ነበር። ጎረቤቱ ያለው ማሳ ገና ቅጠሉን ሲዘረጋ የእኛው ዛላ አወጣ። ያኛው ሲያብብ የእኛው ጠቆረ። እትዬ የሺ በየቀኑ እየመጡ ወፍ ያባርራሉ፤ እኔን ከመደቡ ያርቁኛል። «ደግሞ እሸት ልቅመስ እንዳትዪ» ይሉኛል።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ሰማዩ ጠራ፤ ንፋሱም ቆመ። ጠዋት ስነሳ አገሩ ሁሉ ነጭ ነው። ሰዉ በየማሳው ዳር የሱፍ ባናውን ተከናንቦ ቆሟል። አቶ ደምሴ ቁልፉን ሊወስዱ የመጡት በዚያው ጠዋት ነበር። ከመኪና ወርደው መጀመሪያ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ገቡ። አንድ ዛላ ጨመቁ፤ ውሃ ወጣው። ሌላ ጨመቁ፤ እንደዚያው። ፊታቸው ሲጠቁር ከሩቅ አየሁ።

ከዚያ ወደ እኛ መደብ መጡ። ገብሱ ከነጩ ውርጭ ሥር ደርቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አንድ ዛላ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሹ፣ እፍ ብለው ገለባውን አበነኑ፣ የቀረውን ፍሬ ወደ አፋቸው ጣሉ። ሲቆረጠም ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማ።

«ደርሷል» አሉ።

«ከደረሰማ ሰነበተ፤ እርስዎን ነው የጠበቅነው» አሉ እትዬ የሺ።

አቶ ደምሴ ቁልፉን አልጠየቁኝም። ኮታቸውን አውልቀው በአጥሩ ላይ አንጠለጠሉና ማጭድ ለመኑ። «ለማዳበሪያው ሌላ ቤት እፈልጋለሁ፤ ይህን ደግሞ ማንም እንዳይነካብሽ» አሉኝ፣ ጎንበስ እንዳሉ። የገበሬ ልጅ መሆናቸውን ያወቅሁት አስተጫጨዳቸውን ሳይ ነው።

የመጀመሪያውን ነዶ ያሰሩት እትዬ የሺ ናቸው። ቄሰ ገበዙ ጃንጥላ የያዘ ዲያቆን አስከትለው መጡ፤ ነዶዋ በጃንጥላ ጥላ፣ በእልልታ ወደ ሚካኤል ሄደች። የተበደርናት ትንሽ ነበረች፤ የመለስናት በሁለት እጅ የምትታቀፍ ሆነች። በዚያ ጠዋት ሰብሉ የተመታበት ሰው ሁሉ ተከትሎን ሄደ። ሐዘን ላይ የነበረ አገር ሲዘምር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ቀሪውን ለሚቀጥለው ወቅት አስቀመጥን። በልግ ዘራን፣ መኸር ዘራን፣ ለጥቂት ሴቶች ሰጠን፣ እነሱ ለሌሎች ሰጡ። ደንባችን አንድ ነበር፤ በልክ የወሰደ በቁልል ይመልሳል። ያስቀረ ሰው አላስታውስም፤ ሚካኤል ያበደረውን ማን ያስቀራል? ከሩቁ ከቀየት ሳይቀር በአህያ እየመጡ ተበደሩን።

ከዓመታት በኋላ ያ የምንፈራው ክረምት መጣ። ሰኔ ደረቅ ሆኖ አለቀ፤ የተዘራው ሁሉ መሬት ውስጥ ቀረ። ዝናቡ የጣለው ሐምሌ ከገባ በኋላ ነው። በማግስቱ ጠዋት የጎተራው በር ላይ ሰልፍ ነበር፤ ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም ባዶ ጆንያ የያዙ። የመጀመሪያው ሰውዬ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «ያንን ገብስ…» አለኝ።

«የትኛውን?»

«ያንን… የምታውቂውን።»

«ስሙን ካልጠሩልኝ አልሰጥም» አልኩ። በፍለጋው ጊዜ ያንገላቱኝ አባወራዎች ናቸው፤ ይህን ያህል ብደሰት አይበዛብኝም። ሰውዬው ግራ ቀኝ አይቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰነፍ ገብስ ስጪኝ!» አለ፤ ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ወዲያ ማንም አላፈረም፤ ከኋላ ያሉት ተራቸው ሳይደርስ ይጮሁ ነበር። ያን ቀን በርሜሎቹን እስከ ሥር ጠረግናቸው። ባዶ ጎተራ ቆልፌ ስሄድ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጥቅምት ሲያልቅ ውርጩ እንደ ልማዱ መጣ። ያገኘው ቃርሚያ ነበር። እህሉ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ ሰዉ አውድማ ይለቀልቅ ነበር። በዚያ ዓመት ከእኛ ቀበሌ ለመኖር ብሎ በግ የሸጠ ሰው አልሰማሁም።

ጡረታ ስወጣ ቁልፉን ያስረከብኳት ልጅ ቤቱን ዞራ አየች። ሞልቶ ነበር፤ አይጥም አልነበረችም። «እትዬ አስካለ፣ ሥራውን ከየት ልጀምር?» አለችኝ። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም እላለሁ። ዘር የሚቆየው የሚያበስለው ሰው ሲኖር ነው፤ ማንም የማይበላውን ገብስ ጎተራ ብቻውን አያድነውም። ስለዚህ ወደ ማድ ቤት ግቡ፣ የቀረበላችሁን ብሉ፣ ከምን እንደተሠራ ጠይቁ። ዘሩን ስትቀበሉ ግን ጥሬውን እንደምትፈልጉ ደግማችሁ ተናገሩ።